አርባ ልጆች

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የተቸገረ እንግዳ የመቀበል ነገር ሲነሣ እኔ አስቀድሜ የማስበው አርባ ልጆች የተባሉትን ነው። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ የጀመረው እልቂት ብዙ ሕፃናትን ያለ አባትና ያለ እናት አስቀረ። ከእነዚህም አያሌዎቹ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠግተው ይኖሩ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄደው አዩአቸው፤ ፓትርያርኩንም አስፈቅደው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው። ልጆቹም ከአለቃቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ።

«ለጥሩምባው እንጂ ለልጆቹ ታዝኖ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይበል! በእኔ አስተያየት ግን የዚህ ቸርነት ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ቁራሽ ብቻ የተሰጠው እንግዳ ነገም አንገቱን ደፍቶ ከደጅ ይቆማል፤ ሥራ የተሰጠው ግን ቀና ብሎ ይሄዳል። በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ስደተኛው ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ፥ ከዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ጋር፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ተሰማ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የየትምህርት ቤቱ ልጅ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይዘምረው ነበር።