የካህን ጎጆ ቤት

ዓይነት፦ መኖሪያ ቤት
አካባቢ፦ ግምጃ ቤት፣ አንከሻ ጓጉሳ ወረዳ፣ አዊ ዞን
የተሠራበት፦ እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ጭቃ፣ ሣር

የአዊ ደጋ ካህን ባለትዳርና ገበሬ ነው፤ ጎጆውን የሚቀልሰው ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ካህናት ለአገልግሎታቸው የተሰጣቸውን የሰሞን መሬት እያረሱ ይተዳደሩ ነበር።

ግድግዳው ዙሪያውን የተተከለ እንጨት ነው፤ በማገር ተጠፍሮ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ደጋው ቀርከሃ ስለሚያበቅል ማገሩም አጥሩም ከእሱ ይሠራል። ወጋግራው ከግድግዳው ተነሥቶ በምሰሶው አናት ላይ ይገናኛል። የምድጃው ጭስ በሣሩ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል።

ክብ ቤተ ክርስቲያንም የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው። ዋናው ልዩነት መሐሉ ላይ ነው፤ በጎጆው ምሰሶ በሚቆምበት ስፍራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አራት ማዕዘን መቅደስ ቆሞ ጣሪያውን ይሸከማል። ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ይከቡታል። ስለዚህ ካህኑ የሚያድርበትም የሚቀድስበትም ቤት የአንድ አገር ባለሙያዎች የእጅ ሥራ ነው።

ዛሬ ሣሩን ቆርቆሮ፣ ክቡን ቤት አራት ማዕዘን ቤት እየተካው ነው። በሰፈርዎ ጎጆ የቀለሱ አረጋውያን ካሉ አሠራሩን ጠይቀው ይመዝግቡ።