የሆስፒታል ሥራ አመራር ቦርድ

የሆስፒታል ሥራ አመራር ቦርድ የመንግሥት ሆስፒታልን ዕቅድና በጀት መርምሮ የሚያጸድቅና የሥራ አስኪያጁን አፈጻጸም የሚከታተል አካል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የተስፋፋው በ1990 ዓ.ም. የወጣውን የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ተከትሎ ነው። ታካሚው ለካርድና ለምርመራ የሚከፍለው ብር ቀድሞ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ የነበረ ሲሆን፣ ከማሻሻያው ወዲህ ግን «የውስጥ ገቢ» ተብሎ፣ ማለትም ከመደበኛው በጀት በተጨማሪ በተቋሙ እጅ ቀርቶ፣ ቦርዱ ሲፈቅድ መድኃኒትና ጓንት ይገዛበታል፤ የቦርዱ እውነተኛ ሥልጣንም ከቃለ ጉባኤው ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል። በእንግሊዝ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ ሆስፒታሎች የቦርዱን ተቆጣጣሪዎች የሆስፒታሉ አባላት በድምፅ ሲመርጡ፣ በኢትዮጵያ የቦርድ አባላት በአብዛኛው በመንግሥት ይሰየማሉ፤ የኅብረተሰቡ ተወካይም አብሮ ይቀመጣል። ቦርድ የሚከታተለው ሥራ ከሕክምና ሊሰፋም ይችላል፤ ለምሳሌ በሆሳዕና፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሐዲያ በተገኘችው በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከሕክምናው ጎን ሐኪም የማሠልጠን ኃላፊነትም አለበት።