ሥራ ወለድ አስም ምንድን ነው?

ሥራ ወለድ አስም አንድ ሰው በሥራ ቦታው ከሚተነፍሰው ብናኝ፣ ትነት ወይም ጋዝ የተነሣ የሚይዘው አስም ነው። በሕክምናው ዓለም ‹‹ኦክዩፔሽናል አዝማ›› ይባላል። ‹‹ውሃ ወለድ›› እና ‹‹ምግብ ወለድ›› በሽታ ማለትን ስለለመድን፣ ‹‹ሥራ ወለድ›› ሲባል መነሻው የት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ከሌላው አስም የሚለየው ነገር አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ያለበት ሰው ፋብሪካ ገብቶ ቢብስበት ‹‹በሥራ የሚባባስ አስም›› ነው የሚባለው። ሥራ ወለድ አስም የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የተቀጠረን ሰው ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ ግምገማ፣ በአዋቂነት ከሚጀምር አስም ውስጥ 16 ከመቶ የሚሆነው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

በሽታው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው አለርጂ ነው። ሰውነት አንድን ነገር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲለማመደው ቆይቶ አንድ ቀን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ በጣም ጥቂቱ እንኳ ደረት ለማፈን ይበቃል። ሁለተኛው ድንገተኛ ቃጠሎ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በአንድ ቀን ብቻ የመተንፈሻ ቱቦን ሊያቆስል ይችላል።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዚህ በሽታ የሚያጋልጥ ሥራ የሞላባቸው ናቸው። ዳቦ ቤት ውስጥ የዱቄት ብናኝ አለ፤ ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የዱቄት ቀለም፣ እንጨት ቤት የመጋዝ ብናኝ፣ የአበባ እርሻ ደግሞ ፀረ ተባይ ኬሚካል። መኪና በሚቀባበት ጋራዥና ፎም ፍራሽ በሚሠራበት ቤት ያለው ስጋት አይሶሳያኔት የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው፤ ሥራ ወለድ አስምን በማምጣት በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት መካከል ይቆጠራሉ።

አይሶሳያኔት አንድ ሌላ ነገርም ያስተምረናል፤ አደጋው በአፍንጫ ብቻ አይገባም። ቆዳ ላይ የነካ አይሶሳያኔት ሰውነትን ለአለርጂ ሊያዘጋጀው ይችላል። ቀለም ቀቢው አፉን ሸፍኖ እጁን ባዶ ከተወ ግማሹን ብቻ ነው የተከላከለው። ማታ እጁን በቲነር ሲታጠብ ደግሞ የቆዳውን ቅባት አጥቦ በሩን ይከፍትለታል። ፀረ ተባይም እንዲሁ ነው፤ ርጭት ያረጠበው ቱታና ውስጡ የራሰ ጓንት መርዙን ከገላ ጋር አጣብቀው ያቆዩታል።

ጉዳዩ በአገራችን ጨርሶ ያልተጠና አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአንድ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው፣ ጥጥ በሚፈታበት ክፍል ከሚሠሩት 43 ከመቶ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ የተባለ የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በአበባ እርሻ ሠራተኞች ላይ የመተንፈሻና የቆዳ ሕመም ምልክቶች በብዛት እንደሚታዩ አሳትመዋል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ሲተነፍሱ የሚሰማ ፉጨት የማንኛውም አስም ምልክቶች ናቸው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጊዜው ነው። ሠራተኛዋ ለፋሲካ ወይም ለመስቀል አገር ቤት ሄዳ ስትሰነብት ይሻላታል፤ ተመልሳ ፈረቃ ስትገባ ሳሉ ይነሣባታል። አንዳንዴ ሕመሙ የሚመጣው ከሥራ ከወጡ ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ ነው። ሱሉልታ ላይ ይህን ‹‹ብርድ መትቶኝ ነው›› ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው። የትንፋሽ ኃይል የሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ ፒክ ፍሎው ሜትር፣ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም በቀን አራት ጊዜ እየተነፋበት ለሳምንታት ከተመዘገበ ልዩነቱን በቁጥር ያሳያል።

መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ከአለርጂው የመነጨ አስም ገና በጊዜ ታውቆ ሰውየው ከዚያ ነገር ሲርቅ የመዳን ዕድሉ ይሰፋል፤ ለዓመታት ሲተነፍሰው ከቆየ ግን ሥራውን ከለቀቀ በኋላም አስሙ አብሮት ሊኖር ይችላል። የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቶ ወደዚያው አየር መመለስ ሕክምናውን ጎዶሎ ያደርገዋል።

መከላከሉ የሚጀምረው ከሠራተኛው ፊት ሳይሆን ከምንጩ ነው። አደገኛውን ኬሚካል በሌላ መተካት፣ ካልተቻለ መዝጋት፣ ትነቱን ከሚነሣበት ቦታ ስቦ ማውጣት ይቀድማሉ። ማስክ የመጨረሻው ነው፤ እሱም ለሥራው የሚስማማ መሆን አለበት። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ የቀለምን ትነት አያግድም።

ይህ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተተወ ጉዳይም አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙን እንዲያስተምር፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። ‹‹በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ›› መሆኑ ሲረጋገጥም የሕክምናና የካሳ መብት ይከተላል። ይህ መብት በተግባር እንዲሠራ በሽታው በስሙ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለ ማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚያስል ሠራተኛ ሲመጣለት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ‹‹ሥራዎ ምንድን ነው? በዕረፍት ቀን ይሻልዎታል?›› መልሱንም ካርዱ ላይ ይጻፍ።