ዕርቅ ዋስ ይፈልጋል፦ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተፈረሙ ስምምነቶችና የውጭ ድጋፍ



በአገራችን ወግ ሁለት የተጣሉ ወገኖች ሲታረቁ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል። ሽማግሌው ነገሩን ሰምቶ ያስማማል፤ ካሳው የተጎዳውን ያጽናናል፤ ዋሱ ደግሞ ቃሉ እንዳይታጠፍ ይይዛል። ዋስ ምን እንደሆነ እኛ በቁጠባና ብድር ቡድን የታቀፍን ሴቶች ከማንም በላይ እናውቃለን። ተበዳሪዋ ወርሃዊ ክፍያዋን ስታሳልፍ በሯን የምታንኳኳው ዋሷ ናት።

የአገሮች ዕርቅም ከዚህ የተለየ አይደለም። የእርስ በርስ ጦርነት በፊርማ ሲቆም የውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች በሽማግሌነት፣ በዋስነት ወይም የካሳውን ገንዘብ በመሸፈን ይገባሉ። ይህ ድጋፍ ባለፉት ዓመታት የት ሠራ፣ የት ጎደለ የሚለውን መዝገብ እንደምንይዝ ሰዎች ሆነን ልናየው ወደድን። ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ ከደጃችን ያለ ነው።

ያለ ስምምነት የተበተነው ሠራዊት

በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ተዋጊዎቹ የፈረሙት የሰላም ስምምነት አልነበረም። በአሜሪካ አደራዳሪነት በለንደን የተጠራው ጉባኤ ገና ከመጀመሩ የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት አባል ያለ ደመወዝና ያለ ሥራ ቀረ። ብዙዎቹ በእግራቸው ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ በየከተማው ሲለምን የነበረውን ወታደር የዚያ ዘመን እናቶቻችን ያስታውሱታል።

በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ለተመላሾች ምግብና መጓጓዣ በማቅረብ ረዳ፤ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅትና ሌሎች ለጋሾች ለማቋቋሚያው ገንዘብና ባለሙያ ሰጡ። ወደ ገጠር የተመለሰው በገበሬ ማኅበሩ በኩል መሬት፣ ከዚያም እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ እንዲያገኝ ተደረገ። ይህን ያህል ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ወደ ሰላማዊ ኑሮ መመለሱ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሆኖም መዝገቡ የተከፈተው በወታደሩ ስም ነው። በሌለበት ዓመታት ቤቱን ያቆየችው፣ ሲመለስም ቁስሉንና ብስጭቱን የተሸከመችው ሚስት የራሷ መስመር አልነበራትም።

የሁለት አገር ትምህርት

ሞዛምቢክ ከ15 ዓመት በላይ ተዋግታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ሮም ላይ ስምምነት ፈረመች። የተባበሩት መንግሥታት ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰላም አስከባሪዎችን ላከ። እኛን የሳበን ግን የአከፋፈሉ ዘዴ ነው። ከሠራዊት ለተሰናበተ ወታደር መንግሥት የ6 ወር ደመወዝ ከፈለ፤ ለጋሾች የ18 ወር ጨመሩበት። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አልተሰጠም። ለመኖር በመረጠበት አካባቢ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ በየጊዜው እየሄደ ይቀበል ነበር። በዚህም ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንደሩ ጋር ተሳሰረ፤ ወደ ጫካ ለመመለስ የሚያስብ ቢኖር የሚቀርበት ነገር ነበረው።

ላይቤሪያ ደግሞ በ2003 አክራ ላይ ስምምነት ስትፈርም ነጭ የለበሱ ሴቶች በስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ተቀምጠው ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ እንዳይወጡ ከልክለው ነበር። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሌይማ ቦዊ በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። ትጥቅ ማስፈታቱ ሲጀመር ይመጣሉ ተብለው የታቀዱት 38,000 ተዋጊዎች ነበሩ። የተመዘገቡት ከ100,000 በለጡ። የመጀመሪያው ካምፕ በቂ ዝግጅት ሳይኖር በመከፈቱ ሁከት ተነሥቶ ሥራው ለወራት ቆመ። በመጨረሻ ከተመዘገቡት ውስጥ 22,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ መሣሪያ ባይዙም ከታጣቂዎች ጋር የነበሩ ሴቶች እንዲመዘገቡ በመፈቀዱ ነው። ለጦርነቱ ምግብ ያበሰለች፣ ውኃ የቀዳች፣ ተገዳ የተወሰደች ሴት ከመዝገብ ስትገባ ቁጥሩ ይለወጣል። በጀቱ ግን ከእሷ ጋር አብሮ ካላደገ የሚጎድለው የእሷ ድርሻ ነው። በዚያች አገር ሰላም ካስከበሩት መካከል የኢትዮጵያ ወታደሮችም ነበሩበት።

የፕሪቶሪያው ውል

ጥቅምት 24 ቀን 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመ ስምምነት ቆመ። በመንግሥት በኩል አምባሳደር ሬድዋን ሁሴን፣ በሕወሓት በኩል አቶ ጌታቸው ረዳ ፈረሙ። ሽማግሌዎቹ በአፍሪካ ኅብረት ስም የተቀመጡት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት መሆኗን ልብ ይሏል። የተባበሩት መንግሥታት፣ ኢጋድና አሜሪካ በታዛቢነት ተገኙ። ኅዳር 3 ቀን የጦር አዛዦቹ ናይሮቢ ላይ ዝርዝሩን ፈረሙ።

የዚህ ውል ዋስ ማን ነበር ብንል፣ የአፍሪካ ኅብረት የክትትልና የማረጋገጫ ቡድን ነው። በስምምነቱ መሠረት የባለሙያዎቹ ቁጥር ከ10 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቡድኑ በታኅሣሥ 2015 መቀሌ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ከባድ መሣሪያ ሲረከቡ በዓይኑ አየ። ዓለም ወደ ሞዛምቢክ በሺዎች የላከውን እዚህ በ10 ሰው ተካው ማለት ነው። ጥይቱ ቆመ፤ መንገድ፣ ባንክና ስልክ ተከፈቱ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተፈናቀሉትን መመለስና የአካባቢ ይገባኛል ጥያቄዎችን መፍታት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ። ጦርነቱ ሲቆም ማየት ለጥቂት ሰዎች ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቀየው መግባቱን ማረጋገጥ ግን ብዙ እግር ይፈልጋል።

የካሳው ሒሳብም አለ። የዓለም ባንክ ከስምምነቱ በፊት በ2014 በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር፤ አማራ ክልልም ከተካተቱት አንዱ ነው፤ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሆን አገልግሎትም አለበት። የገንዘብ ሚኒስቴር ለመልሶ ግንባታ በአምስት ዓመት ያስፈልጋል ያለው ግን 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በየክልሉ ያሉ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም አቅዶ በኅዳር 2017 ከትግራይ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዙር ዕቅድ 75,000 ሰው ነበር። በፍላጎቱና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት የሒሳብ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

የውጭ እጅ ደግሞ በድንገት የሚታጠፍበት ጊዜ አለ። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ድርጅት እህሉ ወደማይገባው ሰው እየሄደ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ፤ የቀጠለው ከወራት በኋላ ነው። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበችው ሌላ። በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በራሱ ውሳኔ ሲያቆም ብዙ ሥራዎች ከመንገድ ቀሩ። የቁጠባ ሣጥናችን ቁልፍ ሦስት ሆኖ በሦስት ሴቶች እጅ የሚቀመጠው በከንቱ አይደለም። እርዳታም ከሰጪውና ከአከፋፋዩ ሌላ፣ ሦስተኛው ቁልፍ በተቀባዮቹ እጅ ሊሆን ይገባል።

እኛ ዘንድ

የአዊ ሕዝብ የሰው ጦስ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ2013 ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በቻግኒ ራንች መጠለያ ሰፍረው አይተናል። በሐምሌ 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ የእንጅባራም የዳንግላም ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ የብድር ክፍያ ይቆማል። በማንም ወገን ይሁን የወጣው ልጅ የአንዲት እናት ልጅ ነው።

ያለፈውን ማስታወስ ግን ለሰላም ጉልበት ይሆናል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአድዋን ፈረሶችና የአርበኞችን ውለታ ለማሰብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የጦር ፈረስ ለበዓል ይጋለባል፤ ማኅበሩም በመረዳዳትና የተጣላን በማስታረቅ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ተቋም የለጋሽ በጀት ሲያልቅ አብሮ አያልቅም።

ስለዚህ ደጋፊዎቻችን ለዕርቅ የሚሆን ገንዘብ ስታስቡ፣ ክፍያው በየመንደሩ በጊዜ የተከፋፈለ፣ የሴቷ ስም በራሷ መስመር የተጻፈበት፣ ተቀባዮቹም መዝገቡን ማየት የሚችሉበት እንዲሆን እንጠይቃለን። አባላት ሆይ፣ እናንተም በየቡድናችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ። ገበያ የተዘጋበትን ቀን፣ የጠፋውን ከብት፣ በመንገድ መዘጋት ያልተከፈለውን ብድር፣ ያለ አባወራ የቀረውን ቤት ከነቀኑ ጻፉ። ማንን ትደግፋላችሁ የሚል ጥያቄ በደብተሩ አይግባ፤ የሰውም ስም በአደራ ይጠበቅ። ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ የሚቆረጥበት ቀን ሲመጣ፣ ምን ጎደለባችሁ ለሚለን ሰው የምናሳየው ያንን ደብተር ነው።