ጄኔራል ናፒየር፤ መሐንዲስና ዘማች

የመቅደላ ዘመቻ በተነሣ ቍጥር ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ ነው። ዘመቻውን የመራው ሰው በሙያው መሐንዲስ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ለሙያ ባልደረቦቻችን ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሮበርት ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1810 በሴሎን፣ በኮሎምቦ ከተማ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በአዲስኮም የጦር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1826 በቤንጋል የመሐንዲሶች ክፍል ተመደበ። በህንድ የመስኖ ቦይ ቀየሰ፤ የዳርጂሊንግን ሰፈር ቀየሰ፤ በአምባላም የጦር ሰፈር አሠራ። ከ1845 ጀምሮ በሁለቱ የሲክ ጦርነቶች ተዋጋ። ፑንጃብ በእንግሊዝ እጅ በወደቀች ጊዜም የዚያው አገር ዋና መሐንዲስ ሆኖ መንገድና ቦይ ዘረጋ። በ1858 በሉክናው፣ በ1860 ደግሞ በቻይና የታኩ ምሽጎች ሲያዙ ከአዛዦቹ አንዱ ነበር። እንግዲህ ቦይ የሚቀይሰውና ምሽግ የሚሰብረው እጅ አንድ ነበረ ማለት ነው።

በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ሲላክም የተማመነው ከጠመንጃው ይልቅ በዝግጅቱ ነበር። በዙላ ወደብ የመርከብ ማራገፊያ ተሠራ፤ የባሕር ውኃ እየተነጠረ ለመጠጥ ዋለ፤ እስከ ኩማይሌ ድረስ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦም ተከተለ። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከ40,000 የሚበልጥ የጭነት እንስሳና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ተሰለፉ። ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ሆኖም ይህ ሁሉ መሣሪያ ብቻውን መቅደላ ባላደረሰውም ነበር። የትግራዩ ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መንገዱን ባይፈቅዱና ባላገሩ እህሉን ባይሸጥ ኖሮ ዘመቻው በተራራው ላይ በቀረ ነበር።

በዚያው ወራት ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሌላ መንገድ ይሠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ለማጓጓዝ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ገደሉን ያስደለድሉ ነበር። ሁለቱም መንገድ ሠሪዎች ነበሩ። አንደኛው የአንድን ኢንዱስትሪ ሀብት ከኋላው አሰልፎ መጣ፤ ሁለተኛው ግን ከጉልበትና ከቆራጥነት በቀር ብዙ አልነበራቸውም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በመቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲጠቃ፣ ሐዲድ የዘረጋው ጦር የበር ማፍረሻ ባሩዱን ከኋላ ትቶ ተገኘ፤ ወታደሮቹም አጥሩን ተንጠላጥለው ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከዚያም አምባው ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። በብራና የተጻፉ መጻሕፍት በመቶዎች እየተቈጠሩ ባሕር ተሻገሩ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞተ።

ናፒየር «የመቅደላ ሎርድ» ተባለ፤ የህንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥና የጂብራልታር ገዥ ከሆነ በኋላ በ1890 ሞቶ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። ችሎታውን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የዙላው ሐዲድ ከጦሩ ጋር ተነቅሎ ሄደ፤ ለአገሬው አልቀረለትም። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ አለ። የመሐንዲስ ሥራ የሚመዘነው በጥበቡ ብቻ ሳይሆን ሠሪው ከሄደ በኋላ ለማን እንደሚተርፍም ጭምር ነው።