የገበሬ ቤት ታሪክ፤ ከጎጃም ርስት እስከ መልካ ጀብዱ

የነገሥታት ታሪክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበረው። የገበሬ ቤት ታሪክ ግን ሲነገር የኖረው በሽማግሌ አንደበት፣ ሲጠበቅ የኖረውም በመሬቱ ላይ ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን ገበሬው ግብር ሲከፍል፣ ሲዘምት ወይም ሲራብ ስሙ ይነሣል፤ ያውም በጅምላ። አንድ ጎጆ እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ማን እንደ ወረሰው፣ ማንስ ጥሎት እንደ ተሰደደ የሚነግረን ጽሑፍ ማግኘት አዳጋች ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ ጠፍቶ አልጠፋም፤ ቤተሰቡ ዘሩን በሚቆጥርበት ሥርዓት ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ሥርዓት በቅርብ ስንመረምረው አንድ ነገር እንገነዘባለን፦ የገበሬ ቤት ስለ ራሱ የሚያስታውሰው ለኑሮው ያስፈለገውን ነው፤ ያስፈለገበት ምክንያት ሲቀር ትዝታውም ቀስ በቀስ ይከስማል።

በቅድሚያ ጎጃምን እንመልከት። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው የእርሻ ድርሻ የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት መወለዱን ቆጥሮ በማስረዳት ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትም እንዳብራራው፣ ቆጠራው በአባት ብቻ የሚወሰን አልነበረም፤ በእናትም፣ በሴት አያትም በኩል ያልፋል። ስለዚህ ሴት ቅድመ አያቱን የረሳ ገበሬ ከእርሻው ድርሻ አንዱን ረሳ ማለት ነበር። የሴቶች ስም በትውልድ ቆጠራው ውስጥ ጸንቶ የኖረው መሬቱ ስለ ጠየቀው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ቀንበር አላቀቀ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ድልድሉን ለገበሬ ማኅበራት ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ዘር ቆጠራ ከመሬት ክርክር ችሎት ወጣ። ለምስክርነት ሲፈለጉ የነበሩት አዋቂ ሽማግሌዎች የሚጠይቃቸው ጠፋ። ለጭሰኛው ታላቅ ድል የሆነው አዋጅ፣ ለባለርስቱ ቤት ትዝታ ሥራ የማጣት ዘመን ከፈተ።

የመሬትና የትዝታ ቁርኝት በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካውያኑ አረንስበርግና ኪምቦል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በምዕራብ አየርላንድ፣ በክሌር፣ የገበሬዎችን ኑሮ አጥንተዋል። በዚያ እርሻው ሳይከፋፈል ለአንድ ልጅ ይተላለፋል። ወራሹ ሚስት ሲያገባ አሮጊቷ እናትና ሽማግሌው አባት የቤቱን ማዕከል ለሙሽሮቹ ለቀው ወደ ምዕራቡ ክፍል ይዛወራሉ። ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ወደ ከተማ ወይም ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። የቤተሰቡ ጭንቀት ስሙ ከመሬቱ ላይ እንዳይነሣ ስለሆነ፣ የቤቱ ታሪክ የቀረው ልጅ ታሪክ ይሆናል፤ የሄዱት ከደብዳቤ በስተቀር ቦታ የላቸውም። ከእ.ኤ.አ. 1845 ጀምሮ በድንች በሽታ ሳቢያ የተነሣው ታላቁ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ፈጅቶ ሌላ ሚሊዮን ያህል ያሰደደ ስለሆነ፣ ይህ ዝምታ ስንት ሕይወት እንደ ሸፈነ መገመት ይቻላል።

የጽሑፍ መዝገብም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነት የደብሊን ቤተ መዛግብት ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች መዛግብት በአብዛኛው አመድ ሆኑ። አይሪሾች ግን ከ1937 እስከ 1939 አንድ ብልህ ሥራ ሠሩ። 5,000 ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሳትፈው፣ ከ50,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ወደ አያቶቻቸውና ወደ ጎረቤቶቻቸው ሄዱ፤ ስለ ረሃቡ ዘመን፣ ስለ ባለመሬቶች፣ ስለ ምንጮችና ስለ እጅ ሥራዎች የሰሙትን ጻፉ። ዛሬ የአየርላንድ ገበሬ ቤት ታሪክ ከሚጠናባቸው ምንጮች አንዱ የእነዚያ ልጆች ደብተር ነው።

ይህ ትምህርት ለመልካ ጀብዱ ይጠቅማል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ስለሆነ፣ የቦታው ስም ራሱ ለቀድሞው ኑሮ ምስክር ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር ከመቆርቆሯ በፊት፣ በዙሪያዋ ያለው ምድር የአርቢዎችና የገበሬዎች ነበር። ማሽላ ከከብትና ከግመል ጋር ተዛምዶ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። የሶማሌ ልጅ አባቶቹን ወደ ላይ መቁጠር ይማራል፤ ቆጠራው አብቲርሲ ይባላል። ደም ሲፈስ ካሳውን ማን ከማን ጋር እንደሚያዋጣ የሚታወቀው በዚህ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞም አፍረን ቀሎ በሚለው ስም አላን፣ ኖሌን፣ ባቢሌንና ኦቦራን ከአንድ አባት ይቆጥራል። ሁለቱም ሰንሰለቶች በአባት የሚወርዱ ስለሆኑ፣ የእናቶች ስም እምብዛም አይገባባቸውም። ማሽላውን ከወፍ የጠበቀችው፣ ወተቷን ድሬዳዋ ገበያ አውርዳ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገችው ሴት በቆጠራው ውስጥ አትገኝም። ጉድጓዱን ማን እንደ ቆፈረም ቆጠራው አይናገርም።

አሁን ደግሞ ምድሩ ራሱ መልኩን ለውጧል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ቀጥሎም የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠናው፣ የእርሻና የግጦሽ ምድር የነበረውን አካባቢ ወደ መጋዘንና ወደ ፋብሪካ አሸጋግረውታል። ፋብሪካው ለገበሬው ልጅ እንጀራ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለውጡን መርገም ተገቢ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅም በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመፈናቀሉ ስሌት አለው። ነገር ግን ቤተሰቡ «እዚህ ዛፍ ሥር አያታችን በድርቁ ዓመት ግመሉን አረደ» እያለ የሚያስታውስበት ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከዛፉ ጋር የሚሄደውን ነገር የሚመዘግብ ቅጽ የለም። ጎጃሜው በችሎት፣ አይሪሹ በውርስ ምክንያት ያስታወሰውን ያህል፣ የመልካ ጀብዱ ልጅ የሚያስታውስበት ምክንያት እየጠበበ ነው።

ስለዚህ ምክንያቱን እኛው መፍጠር አለብን። መምህራን ሆይ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው። ተማሪው በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ አያቱ በሚናገሩበት ቋንቋ ይጻፍ። ጥያቄዎቹም ግልጽ ይሁኑ፦ ይህን ቦታ መጀመሪያ የያዘው ማን ነው? ሚስቱ ማን ትባላለች፣ ከየትስ መጣች? ጉድጓዱን ማን ቆፈረ? በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዶ ያልተመለሰው ማን ነው? ድርቁ በየትኛው ስም ይታወሳል? ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ይጠየቅ፤ አንዷ ሴት ትሁን። አባቶች የሚቆጥሩትን ሰንሰለት እናቶች በሚያውቁት ሕይወት የምትሞላው እርሷ ናትና።

የኪነ ጥበብ ሰዎችም ከዚህ ደብተር ድርሻችንን እናገኛለን። በመድረኮቻችን ላይ ገበሬው ብዙ ጊዜ ስም የለሽ ሆኖ ቆሟል፤ ሞፈር ተሸክሞ ይገባል፣ አቤቱታ አሰምቶ ይወጣል። የሚስቱን ስም፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የተሰደደ ወንድሙን ናፍቆት ስናውቅ ግን በመድረክ ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ ይቆማል። በመልካ ጀብዱ ይህን የሚነግሩን አረጋውያን ዛሬም በሕይወት አሉ። ልጆቹም ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ። ሁለቱን የምናገናኝበት ጊዜ አሁን ነው።