ግግ ማውጣት፦ ከእናቶች ጋር ድንበር የተሻገረው ልማድ

እናት ሀገር ስትቀይር የልጅ አስተዳደግ ልማዷም አብሯት ይሻገራል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተሰቦች ልጆች ጥርስ ላይ የታየው ጉዳት ለዚህ ማሳያ ነው።

በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱ ዘመቻዎች በርካታ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። በ1983ቱ ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ገብተዋል። የጥርስ ሐኪሞች ታዲያ ከእነዚህ ቤተሰቦች በመጡ ሕጻናት ላይ ክራንቻ የሚባሉት የወተት ጥርሶች ጎድለው አገኙ። ምክንያቱ ግግ ማውጣት ነበር። እ.አ.አ በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ልማዱ በዚያው በእስራኤል በተወለዱ ልጆች ላይም ቀጥሏል።

ሕጻን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስመልሰው ድዱ ይታያል። በክራንቻው ቦታ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ካለ "ግግ ነው" ተብሎ በምስማር ወይም በሌላ ስለት ተቆፍሮ ይወጣል። ትል መስሎ የሚወጣው ግን ገና ያልጠነከረ የጥርስ ቡቃያ ነው። እብጠቱም ጥርሱ ለመብቀል መዘጋጀቱን እንጂ በሽታን አያመለክትም። ተቅማጡ በዚያ ዕድሜ የሚበዛው ሕጻኑ ተጨማሪ ምግብ በመጀመሩ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በመክተቱ እና ከእናቱ ያገኘው የመከላከል አቅም በመቀነሱ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለሚመጡ አንዱ የሌላው መንስኤ መስሎ መታየቱ አያስገርምም።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ደም መፍሰስ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ሊከተሉ ይችላሉ። ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም ሊጠፋ ወይም ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። ከሁሉም የከፋው ተቅማጡ ሳይታከም መቆየቱ ነው። የሚያስፈልገው ጡት ማጥባቱን መቀጠል፣ ኦ አር ኤስ እና ዚንክ መስጠት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

በአዲሱ ሀገር ሌላ ፈተናም አለ፤ ጣፋጭ ምግብ በቅርብ ይገኛል። ሕጻን ጭማቂ ወይም ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ እየጠባ ካንቀላፋ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ጥርሱ ላይ ያድራል። ባክቴሪያዎች ወደ አሲድነት ይቀይሩታል። በቅድሚያ የሚጎዱት የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የታችኞቹን ምላስ ይከልላቸዋል። በድድ ጠርዝ የሚታይ ነጭ መስመር የመጀመሪያው ምልክት ሲኾን፣ በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል።

"የወተት ጥርስ እንደኾነ ይወልቃል" የሚለው አባባል ብዙ እናቶችን ያዘናጋል። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እኮ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ያገለግላሉ፤ ለቋሚዎቹም ቦታ ይይዛሉ።

እስራኤል እ.አ.አ ከ2010 ጀምሮ የሕጻናትን የጥርስ ሕክምና በብሔራዊ የጤና መድን ማካተት ጀምራለች። በአሜሪካም ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት መድን ለሚያቅፋቸው ልጆች የጥርስ ሕክምናን ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ቋንቋውን ለማታውቅ እናት መብቱ መኖሩን ማወቅ ራሱ ቀላል አይደለም። ምክር የምትጠይቀው በስልክ፣ ሀገር ቤት ያሉትን እናቷን ሊኾን ይችላል። ስለዚህ የግግ ጉዳይ በገጠር ላሉ አያቶችም መነገር አለበት።

የመጀመሪያው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ብቅ ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳት ይገባል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቂ ናት።